ፍሪጅ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ሥራ ፍሪጅ ማጽዳት ነበር። ዓርብ ነው፤ ሰንበት ሳይገባ። እኔ መደርደሪያዎቹን እያወጣሁ በሳሙና አጥባለሁ፤ ፈንታሁን እየተቀበለ በፎጣ ያደርቃል። ውጭው የነሐሴ ሙቀት ነው፤ እዚህ አገር ነሐሴ በጋ ነው። በዚያ ወር የሰፈራችን ሕንጻዎች ግድግዳ ከሰዓት በኋላ እጅ ያቃጥላል።

ሥራው ሲያልቅ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞት የመጣውን ቢጫ ክዳን ያለው የምግብ ሣጥን አነሣ። ጎኑ ውስጡን የሚያሳይ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ ግን ምግብ አልነበረም። የሕመምተኛችን የእማማ ትርንጎ የላይ ጥርሶች ነበሩ፤ በሰም ላይ ተደርድረው፣ በጄሶ መንጋጋ ላይ ተቀምጠው። እሱ የሚሠራበት በኢንዱስትሪ ቀጠናው ያለው የጥርስ መሥሪያ አየር ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ስለነበር፣ ሰሙ እንዳይለሰልስ ብሎ ነው ያመጣቸው።

“የት ላድርጋቸው?” አለ።

“ከእርጎው አጠገብ። ቅቤ መስሎኝ እንዳልቆርጣቸው ብቻ ምልክት አድርግባቸው።”

“ምልክትማ አላቸው። ይስቃሉ።”

ክዳኑን ከፍቶ ቆሞ አያቸው። ብርዱ ከፍሪጁ እየወጣ እግራችን ላይ ይወርዳል። “ድዱን በአንድ በኩል ማጥቆር ብቻ ቀርቶኛል፤ እሑድ ከሥራ ስመለስ እዚሁ እጨርሰዋለሁ” አለ። ክዳኑን ገጥሞ ከእርጎው አጠገብ አስቀመጠው።

እሑድ ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ሲከፍትለት አልተነሣም። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ።

ይህን የምጽፈው በጥርስ ሥራ ውስጥ ላላችሁና አሁን ለምትገቡት ነው። የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው። ስለ ሥራው ስጀምር ስለ እሱ ይሆንብኛል፤ ስለ እሱ ስጀምር ደግሞ ስለ ሥራው።

ሥራ የጀመርኩ ቀን ገና ወጣት ነበርኩ። ከዚያ በፊት ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ አሽግ ነበር። የጥርስ ሐኪም ረዳትነት ተማርኩና በምንኖርባት በቂርያት ጋት መሐል ከተማ፣ ከጨርቅ መሸጫ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክሊኒክ ተቀጠርኩ። ሐኪሟ ዶክተር ሩት ትባላለች፤ ከአርጀንቲና የመጣች፣ ቃል የማታባክን ሴት። ስሜ አስናቀች ነው አልኳት። “ኦስናት” አለችኝ። በዚያው ቀረ።

በመጀመሪያው ቀን ወንበሩ ላይ የነበሩት ሽማግሌ የቀሯቸውን ጥቂት ጥርሶች ሊያስነቅሉ የመጡ ነበሩ። ከመግባታችን በፊት ዶክተር ሩት በሩ ላይ አስቆመችኝ። “እጅሽ ከምራቅ መምጠጫው አይለቅ። ዓይንሽ ከፊታቸው አይለቅ። መስታወት ሳይጠይቁሽ አትስጪ። የሚሉትን ሁሉ ደግሞ በዕብራይስጥ ተርጉሚልኝ፤ የሚያሳዝነውን አትቀንሺ፣ የሚያስቀውን አትጨምሪ።”

ጥርሱን ሁሉ ያጣ ሰው ፊቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከንፈሩ ይገባል፤ አፍንጫውና አገጩ ይቀራረባሉ። ይህ የሚሆነው በቀስታ ነው ይባላል፤ እኔ ግን በዚያ ቀን የአንድ ሰው ፊት በአንድ ጠዋት ሲለወጥ አየሁ። ሽማግሌው ነቅለን ስንጨርስ መስታወት ጠየቁ። ሰጠኋቸው። ትንሽ አዩና ለመስታወቱ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

“አባቴ ናቸው” አሉኝ፤ ድምፃቸው ባዶ ድዳቸው ላይ እየሾለከ። “ሱዳን በረሃ ላይ ነው የቀበርናቸው። መቼ መጡ?”

“ምን አሉ?” አለች ዶክተር ሩት።

ተረጎምኩላት። አልቀነስኩም፣ አልጨመርኩም። እሷም ሁለት ጣቷን የሽማግሌው ክንድ ላይ አሳረፈች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ቀጭን ሰው የጥርስ ልኮችን ሊወስድ መጣ። እጁ እስከ ክርኑ ጄሶ ነው። ዓይኔን ሳይሆን አፌን አየ።

“የግራ ጥርስሽ ዞራለች” አለኝ።

“እናንተ ጋ እንዴት ዋልሽ የሚባለው እንዲህ ነው?”

“ከሁለቱ የፊት ጥርሶችሽ ቀጥላ ያለችው። ጎረቤት ጠርቷት ዘወር ያለች ሴት ትመስላለች።”

“እንግዲያው ከጎረቤቷ ጋር ታውራበት፤ አንተ ምን አገባህ?” አልኩት።

ይህ ፈንታሁን ነው። በዓመቱ ተጋባን። ከዚያ ወዲህ የሰዉን አፍ እኔ አያለሁ፣ ጥርሱን እሱ ይሠራ ነበር። አብዛኞቹን ሕመምተኞች አያገኛቸውም ነበር፤ የሚያውቃቸው በመንጋጋቸው ነው። መንገድ ላይ አንዱን ሳሳየው ዝም ብሎ ያይና “አሃ፣ ጠባቧ” ወይም “ይኸውልሽ፣ ያ ጠማማ አገጭ” ይለኝ ነበር።

ሥራውን ለማታውቁት በአጭሩ ልናገር። ጥርሱን ሁሉ ላጣ ሰው ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ ብሎን አይተከልለትም። በአንድ መንጋጋ አራት ወይም ስድስት የቲታንየም ብሎኖች አጥንቱ ውስጥ ይገባሉ። ድዱ ይሰፋባቸዋል፤ ከዚያ ለወራት ይጠበቃል። አጥንቱ ብሎኑን እንደ ራሱ አድርጎ ሲይዘው ድዱ እንደገና ይከፈታል፤ ልክ ይወሰዳል። ጥርሶቹ በመጀመሪያ በሰም ላይ ተደርድረው አፍ ውስጥ ይሞከራሉ። ባለቤቱ ከተስማማ ሰሙ ቀልጦ በቦታው ጠንካራው ፕላስቲክ ይፈስስና ብሎኖቹ ላይ ይታሰራል። እስከዚያ ድረስ የሚወልቅ ጊዜያዊ ጥርስ ይደረጋል።

ብሎኑ መያዙን ከምናውቅባቸው መንገዶች አንዱ ድምፅ ነው። ዶክተር ሩት በመሣሪያዋ እጀታ ቀስ አድርጋ መታ ታደርገዋለች። የያዘው እንደ ብርጭቆ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ያልያዘው ድምፁ ድፍን ነው፤ ጆንያ እንደመምታት። ይህን ድምፅ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሞ ሳለ ከራስ ቅሉ ውስጥ እንደዚያ ያለ ጥሪ ሲወጣ ዛሬም አንገቴ ላይ ቅዝቃዜ ይሰማኛል።

የተነቀለ ጥርስም ያማል። ይህን ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም። ባዶ ድዳቸውን በጣታቸው እያሳዩ “እዚህ ጋ፣ የመንጋጋ ጥርሴ” የሚሉ አሉ። ጥርሱ ከተጣለ ወር አልፎታል። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት “የሌለ ነገር እንዴት ያመኛል?” ብላ ስትጠይቅ ዶክተር ሩት “ነርቩ ገና አልሰማም” አለች። ያን ጊዜ የዶክተር ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እማማ ትርንጎ ወደ እኛ የመጡት በልጅ ልጃቸው ክንድ ተደግፈው ነው። የላይ ጥርሶቻቸው አንድም ሳይቀር አልቀው ነበር። ምላሳቸው ግን ሙሉ ነው።

“ከላይ ስንት ብሎን ነው የምትመቱብኝ?”

“ስድስት፣ እማማ።”

“በር ነኝ እንዴ?”

“ሲያልቅ እኮ ቆሎ ይበላሉ።”

“ቆሎማ አሁንም እበላለሁ። እስኪሟሟ እየጠባሁ።”

ብሎኖቹ ተተከሉ፤ ጊዜያዊ ጥርስ ተደረገላቸው። መስታወት ጠየቁ። ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቆሞ ቀረ።

“ይህ የማን ድድ ነው?”

እማማ የላይ ድዳቸው የተነቀሰ ነበር። በእሳቸው ዘመን በጎንደር ገጠር ብዙ ልጃገረዶች በመርፌና በጥቀርሻ ይነቀሱ ነበር፤ የጠቆረ ድድ ጥርስን ያነጣል፣ ያስውባል ይባል ነበር። አሁን በላዩ ላይ የመጣው ከፋብሪካ የወጣ ሮዝ ፕላስቲክ ነው።

“የእርስዎ ድድ ከሥር አለ፣ እማማ። ይህ መሸፈኛው ነው።”

“ይህ የተገፈፈ ፍየል ነው” አሉ። “እኔ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ነገ ወደ እናቴ እሄዳለሁ። ይህን ይዤ ብስቅላት ታውቀኛለች? ‘የማን ልጅ ነሽ?’ ነው የምትለኝ።”

ለዶክተር ሩት ተረጎምኩ። እሷ ፈንታሁንን ጠራችው። እሱም ከኢንዱስትሪ ቀጠናው መጥቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወንበሩ አጠገብ ተንበረከከ።

“እማማ፣ ለዋናው ጥርስዎ የጠቆረ ድድ እሠራልዎታለሁ።”

“ማልልኝ።”

“በእጄ ይሁንብኝ።”

“እጅህን አሳየኝ” አሉት። አሳያቸው። ግራና ቀኝ አገላብጠው አይተው ለቀቁት። ያ እጅ ከፍሪጁ አጠገብ ሆኖ ክዳን የገጠመው እጅ ነው።

ሰባቱን የሐዘን ቀን ቤታችን ሰው ሞላ። ማን ምን እንዳመጣ አላውቅም። ሴቶቹ ወጥ ቤቴን ያዙት። ሣጥኑን ማንም እንዳይነካው ወደ ጥግ ገፍቼ፣ ጥርሶቹ ግድግዳውን እንዲያዩ አዙሬ አስቀመጥኩት። በነጋታው ስከፍት ወደ በሩ ዞረው ነበር። ሰው ሲያወጣ ሲያገባ ነው ብዬ እንደገና አዞርኳቸው። በሌላው ቀን እንደገና እኔን እያዩ አገኘኋቸው። ከዚያ ወዲያ ማዞሩን ተውኩት።

በመሐል ከወጥ ቤት ጩኸት ተሰማ። ጎረቤቴ ዝማም ቅቤ ስትፈልግ ክዳኑን ከፍታው ነው። “ሰው አለ! ሰው አለ እዚህ ውስጥ!” እያለች ወጣች። ምን እንደሆነ ስነግራቸው ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ። ከቄሶቹ አንዱ ግን አልሳቁም። ጠጋ ብለው “የሰው አካል ከሆነ ሊቀበር ይገባል” አሉኝ።

“ገና የሰው አይደለም፣ አባ” አልኳቸው።

ከለቀስተኞቹ መካከል በክሊኒካችን ጥርስ የተሠራላቸው ብዙዎች ነበሩ። በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ስለ ፈንታሁን የሚያስቅ ነገር አወራ፤ በሰንበት ቀን ጄሶ ከቅንድቡ ሳይወርድ ጸሎት ቤት መግባቱን። ፈገግ አሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ።

በዚያች ቅጽበት በደንብ የማውቀው ሰው ከመካከላቸው ሆኖ የሚያየኝ መሰለኝ። ዘመድ አይደለም። ከዘመድ ይቀርበኛል። ማን እንደሆነ ለማግኘት ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ሁሉም የየራሳቸው ፊት ነበር። ፈገግታቸው ሲጠፋ ሰውየውም ጠፋ።

ይህ ነገር በዚያ አላቆመም። ከሐዘኑ በኋላ ወደ ካርሜ ጋት ሰፈር በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አንዲት አሮጊት ቦታ ለቀቁልኝና ፈገግ አሉ። ሳልቀመጥ አፋቸውን እያየሁ ቀረሁ። “ምነው ልጄ?” አሉኝ። “ምንም” አልኩ። ነርቩ ገና አልሰማም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

እማማ ትርንጎም ለቅሶ መጥተው ነበር። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጥግ ተቀመጡ። በለቅሶ ቤት ነጠላ አፉ ላይ ያላደረገ ማን አለ? ልብ አላልኩትም። ምግብ ሲቀርብላቸው “በልቻለሁ” አሉ። ሲሄዱ ግንባሬን ሳሙኝ። ስለ ጥርሳቸው አንድ ቃል አልተናገሩም።

ሠላሳው ቀን አልፎ ሥራ ስገባ የእማማ ቀጠሮ ተሰርዞ አገኘሁት። የሰረዙት ራሳቸው ናቸው። ጥቂት ቆይቶ የልጅ ልጃቸው ብቻዋን መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

“አያቴ ጊዜያዊ ጥርሳቸው ለሁለት ተሰብሯል።”

“መቼ?”

“ፈንታሁን በሞተበት ሳምንት።”

“ለምን አልነገራችሁንም?”

“እምቢ አሉ። ‘ከሐዘን ቤት ጥርስ አይጠየቅም’ ይላሉ። አጥሚት ብቻ ነው የሚጠጡት። ልብሳቸው ሁሉ ሰፍቷቸዋል፤ ትናንት ከአልጋ ሲነሡ ወደቁ። እኔ መምጣቴን እንዳትነግሪያቸው፣ ይገድሉኛል።”

እሳቸው በይሉኝታ ዝም ብለዋል። እኔም ሣጥኑን ከፍሪጁ አላወጣሁም። ሰሙ ላይ፣ ከላንቃው በኩል፣ የፈንታሁን የአውራ ጣት አሻራ ነበር። ሰም ቀልጦ የሚጠፋ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። በየጠዋቱ ከፍቼ አየው ነበር። በሁለታችን ዝምታ መካከል አንዲት አሮጊት እየከሱ ነበር።

በጥርስ መሥሪያው በፈንታሁን ቦታ የተተካው ዮናታን ይባላል፤ እዚህ አገር የተወለደ የወገናችን ልጅ ነው። ጥርስ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው። ሰሙ መቆየቱን ሲሰማ “እኔ ከመጀመሪያው ልጀምረው። አዲስ ልክ ውሰዱልኝ” አለ። ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል። ለዶክተር ሩት የእማማን የልጅ ልጅ ወሬ ነግሬያት ነበር። “ሳምንታት የላቸውም። ኦስናት፣ ያንን አምጪው። እንሞክረው” አለች።

ሣጥኑን በበረዶ ጠርሙሶች መካከል አድርጌ፣ ጭኔ ላይ ይዤ በአውቶቡስ ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወደ ሣጥኑ ዝቅ ብሎ አየ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሄደ።

እማማ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ ሰፋባቸው። ነጠላቸውን ከአፋቸው ሲያነሡ ዶክተር ሩት ለአፍታ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መታች። ስድስቱም ጮኹ። እንዲያ ከሳስቶ ባለቀ ሰው ውስጥ ያ ድምፅ ከወትሮው ይልቅ ጠርቶ ወጣ።

የፈንታሁንን ሰም አፋቸው ውስጥ ገጠመችው።

“ይቀዘቅዛል” አሉ እማማ።

“ከፍሪጅ ስለወጣ ነው።”

“የፈንታሁን እጅ ነው። የሟች እጅ ይቀዘቅዛል።”

“ፈገግ ይበሉ፣ እማማ።”

ፈገግ አሉ።

ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነበርኩ። አርጅቼ፣ ጉንጬ ገብቶ፣ ነጠላ ለብሼ፣ ራሴን ከታች ወደ ላይ አየሁት። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች ቀጥላ በግራ ያለችው ጥርስ ጎረቤት እንደጠራት ሴት ዘወር ብላ ነበር። ከጭምብሌ ሥር የራሴን ጥርስ በምላሴ ነካሁ። ቦታዋ ላይ ናት። እዚያም ናት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለቅሶ ቤት በግድግዳው ዙሪያ የነበሩት፣ በአውቶቡሱ ላይ ቦታ የለቀቁልኝ አሮጊት። ከመካከላቸው ሆኖ ሲያየኝ የነበረው ሰው እኔው ነኝ። ፈንታሁን በሰው ሁሉ አፍ ውስጥ አስቀምጦኝ ሄዷል። በእጁ ልማድ ይሁን በልቡ ሐሳብ፣ አሁን የምጠይቀው ሰው የለም።

ዮናታን መብራቱን ስቦ ዝቅ አለ። “ሁለት ስህተት አያለሁ” አለ በዕብራይስጥ። “ሰሙ በግማሽ ጠቁሯል፤ ተቃጥሎ ይሆናል። ይህቺ ጥርስ ደግሞ ዞራለች። ሁለቱንም አስተካክላለሁ።” ከዚያ ወደ እማማ ዞሮ በተሰባበረ አማርኛው “አንቺ፣ ድድሽ ጥቁር ለምን?” አላቸው።

“አንቺ አለኝ!” አሉ እማማ። “የማን ልጅ ነህ አንተ? አያት የለህም?”

“አለችኝ። እሷም እንደዚህ ጥቁር። እኔ በሽታ መስሎኝ።”

“በሽታ! ይህን ስትል ሰምታህ ቢሆን ጥርስህን አርግፋ እዚህ ወንበር ላይ ታስቀምጥህ ነበር።”

ዮናታን ሳቀ፤ ጆሮው ቀላ። ዶክተር ሩት ሳቁ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ ተረጎምኩላት። እሷም ሳቀች።

እማማ መስታወት ጠየቁ። ሰጠኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩ። የጠቆረውን በጣታቸው ነኩ። “ይህ የእኔ ነው። እናቴ ያስነቀሰችኝ ነው። ሟቹ ቃሉን ጠብቋል። ያልጨረሰውን ይህ ልጅ ይጨርሰው።”

ከዚያ ጣታቸው ወደ ዞረችው ጥርስ ሄደ። ቆመ።

“ይህቺ ግን የእኔ አይደለችም።”

ከመስታወቱ በላይ አዩኝ። “ጭምብልሽን አውርጂው።”

አወረድኩት።

“ሳቂ።”

“አልችልም፣ እማማ።”

“ጥርስሽን ብቻ አሳዪኝ።”

ከንፈሬን ገልጬ አሳየኋቸው። መስታወቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

“ይኸው። ያንቺ ናት” አሉ፤ ድምፃቸው ለስልሶ። “ባልሽ ይወድሽ ነበር፣ ልጄ። ይህን ያላየ የለም። እኔን ግን አልጠየቀኝም። እናቴ ዘንድ ያንቺን ጥርስ ይዤ ልሂድ? የእኔን ለእኔ ይተዉልኝ። ያንቺን ላንቺ ይመልሱልሽ።”

“ምን አሉ?” አለች ዶክተር ሩት።

ዮናታን የገባው ጥቂት ነው፤ ፊቱን አይቼ አውቄያለሁ። “ሁለቱንም ተዉት አሉ” ብል የሚያርመኝ አልነበረም። እማማ ዕብራይስጥ አይሰሙም። የፈንታሁን የመጨረሻ ሥራ እሱ እንደተወው ይቀር ነበር፤ አንድ ሰው አፍ ውስጥ፣ ሕይወት ባለው አጥንት ላይ ታስሮ። አፌን ከፈትኩ። አራት ዓይን እየጠበቀኝ ነበር፤ እማማ ግን አላዩኝም። እጃቸውን አጣምረው ጣሪያውን እያዩ ነበር፣ ቃላቸው እንደሚደርስ ምንም ሳይጠራጠሩ።

ተረጎምኩ። ሁሉንም፤ ድዱን፣ ጥርሷን፣ እናታቸውን፣ እኔንም። አልቀነስኩም።

ዶክተር ሩት መጀመሪያ የፈንታሁንን ሰም፣ ቀጥላ እኔን አየች። ስንት ዓመት አብራኝ ሠርታ አፌን ያየችው ያን ቀን ይመስለኛል። መብራቱን ወደ ጎን ገፋች። “እሳቸው እንዳሉት” አለች ለዮናታን።

ዮናታን የሰም ቢላውን አሞቀ። ጥርሷን ቀጥ ማድረግ ብቻ አይበቃም ነበር፤ ፈንታሁን እንድትዞር ብሎ ጎኗን ሞርዷት ስለነበር ቀጥ ብትል ክፍተት ትተዋለች። ስለዚህ ከሥሯ አላቅቆ አወጣት። ሰሙ ትንሽ ሸተተ። ምን እንደሚያደርጋት ግራ ገብቶት ቆየና፣ በመጨረሻ ጓንት ባጠለቀው መዳፌ ላይ አስቀመጣት። በቦታዋ ሌላ፣ ቀጥ ያለች አቆመ።

ስለ ድዱ ሊጠይቀኝ ማታ ስልክ ደወለ። ቤት ፈንታሁን ጥቁሩን የሞከረባቸው ቁርጥራጮች ነበሩ፤ ወሰድኩለት። ዮናታን ከአያቱ ድድ ጋር አስተያይቶ መረጠ። አያቱ ለምን አፏን እንደሚያያት ሲነግራት ምን እንዳለችው ግን ሊነግረኝ አልፈለገም።

ዋናው ጥርስ የታሰረበት ቀን ዶክተር ሩት ብሎኖቹን በቁልፍ አጠበቀች። ቁልፉ ልኩ ላይ ሲደርስ ቋ ይላል። ከመጨረሻው ቋ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠንካራ ነገር እንዳይበሉ ነገርኳቸው። እማማ እሺ እሺ አሉ፤ ከመሐረባቸው ጫፍ አንዲት ፍሬ ቆሎ አወጡና ከእኛ ፊት ቆረጠሟት።

“እማማ!”

“አንዲት ናት።” አኝከው ቆሙ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። “ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ጣሪያ ላይ ሰው የሚሄድ ይመስላል።”

“አጥንትዎ ነው የሚሰማው። ይለምዱታል።”

“ማን ነው የሚሄደው?”

መልሴን ሳይጠብቁ መስታወቱን ወስደው ፈገግ አሉ። ድዳቸው ጥቁር፣ ጥርሳቸው ቀጥ ያለ ነበር። “አዎ፤ ይህቺን ታውቃታለች” አሉ።

የአውራ ጣቱ አሻራ ሰሙ ሲቀልጥ ጠፋ። ጥርሷ ከእኔ ጋር ናት። ፍሪጅ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት፣ ከእርጎው አጠገብ። ሰም የላትም፤ መቀዝቀዝ አያስፈልጋትም። ወደ በሩ ትዙር ወደ ግድግዳው፣ አልነካትም።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህ ነው። የጥርስ ባለቤቱ የሚያኝክበት ሰው ነው፤ የሠራው ሰው አይደለም፣ የሠራው ሰው የሚወዳት ሴትም አይደለችም። ከመሥራታችሁ በፊት ጠይቁ። የመለሱላችሁን ሳታጎድሉ አድርሱ።

አሁን በሳምንት ጥቂት ቀን እሠራለሁ። ፈንታሁን የሠራላቸው ሰዎች ለጽዳት ይመጣሉ። ዶክተር ሩት ብሎኖቹን ፈትታ ጥርሱን ትሰጠኛለች፤ እኔ ገንዳው ላይ በብሩሽ አጥበዋለሁ። የዞረችውን በመጨረሻ አጥባታለሁ። ጥርሱ ተመልሶ ሲታሰር፣ ሳይጠይቁኝ መስታወት እሰጣቸውና “ይህቺ ዞራለች፤ ትቃና ወይስ ትቆይ?” እላቸዋለሁ። የሚሉትንም ለዶክተር ሩት እተረጉማለሁ።